ለልጄ ኮሌጅ የ25 ሺህ ዶላር ብድር ልፈርም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከሁለት ልጆቼ ጋር በዲቪ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ያኔ አብሮን አልመጣም። አዲስ አበባ አስተማሪ ነው፤ ጉዳዩ አሁንም ፕሮሰስ ላይ ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በነርሲንግ አሲስታንትነት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሆቴል። የ2024 ገቢዬ 46 ሺህ ዶላር ነበር። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ፔንሲልቬንያ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ተቀብሏት፣ 30 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጥተንሻል ብሎ ሲጽፍላት ደስታችን ልክ አልነበረውም። በኋላ ግን 25 ሺህ ዶላር የወላጅ ብድር እንድፈርም ተጠየቅሁ። ጆርጅ ሜሰንም ተቀብሏታል፤ ኖቫም አለ። እሷ ግን ጓደኞቼ ሁሉ ርቀው ነው የሚሄዱት ትላለች። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻውን፣ ፋፍሳውን፣ አንድ ሰው 250 ዶላር አስከፍሎ ሞላልን። የኮሌጁን ደብዳቤ አያይዤ ልኬያለሁ። ልፈርም ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ታናሽ ወንድሟም 10ኛ ክፍል ደርሷል።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። በሁለት ሥራ እየተሯሯጡ ልጅን እዚህ ማድረስ ቀላል አይደለም። ጥያቄሽ ግልጽ ስለሆነ እኔም በግልጽ ልመልስ፦ ብድሩን አትፈርሚ። ልጅሽ የምትማርበት የተሻለ መንገድ አለ። እንዲያውም ሁለቱ መንገዶች ራስሽ የጻፍሽው ውስጥ አሉ፤ አንቺ ግን በአንድ መስመር አልፈሻቸዋል። «ጆርጅ ሜሰንም ተቀብሏታል፤ ኖቫም አለ» ብለሽ። አንዱ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌላው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ።

ከላክሽልኝ ደብዳቤ ልጀምር። የዓመቱ ወጪ ከነምግቡና ከነመኝታው 68,000 ዶላር ነው። ኮሌጁ የሰጣት ስኮላርሺፕ 30,000። ፔል ግራንት፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ተማሪ የሚሰጠው እርዳታ፣ 7,395። በልጅሽ ስም የሚወሰድ ብድር 5,500። በአንቺ ስም የሚወሰድ ብድር 25,105። ከታች «ቀሪ ክፍያ፦ 0» ይላል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ዜሮ ላይ ነው። ግራንት አይመለስም። ስኮላርሺፕ አይመለስም። ብድር ግን ከነወለዱ ይመለሳል። ደብዳቤው ላይ ሦስቱም በአንድ ረድፍ ተደርድረው፣ ተደምረው፣ «የተሰጠሽ እርዳታ» ተብለው ይመጣሉ። ስለዚህ እስክሪብቶ አንሺና ሁለቱን ብድሮች ሰርዢ። የሚቀረው እውነተኛ እርዳታ 37,395 ዶላር ነው። ከ68,000 ላይ ሲቀነስ 30,605 ዶላር ይመጣል። ያ ኮሌጅ ለእናንተ ቤት የሚያወጣው ዋጋ ይህ ነው፤ በየዓመቱ፣ ከ46 ሺህ ገቢ ላይ።

አሁን ስለ ወላጅ ብድሩ። ፔረንት ፕላስ ይባላል፤ አበዳሪው የፌዴራል መንግሥት ነው። ብዙ እናቶች «ከተፈቀደልኝማ መክፈል እንደምችል አይተው ነው» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ሲፈቅዱ የሚያዩት ክሬዲት ላይ ከባድ እንከን መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ገቢሽ ለወር ክፍያው ይበቃ እንደሆነ ማንም አይመዝንልሽም። የ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነው። ገና ሲሰጥም ከላዩ ላይ ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል። ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ነው። ዕዳው ደግሞ በአንቺ ስም ነው፤ ልጅሽ ነገ ጥሩ ደሞዝ ብታገኝ እንኳ በሕግ አይመለከታትም።

ሌላም ነገር አለ። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ሕጉ ተቀይሯል። አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ65,000 ዶላር በላይ በፔረንት ፕላስ መውሰድ አይችልም። ልጅሽ የምትጀምረው በ2026 መኸር ስለሆነ አንቺንም ይመለከትሻል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ያለው 25,105 በሙሉ ከዚያ አይወጣም። የጎደለውን «ከግል ባንክ ኮሳይን አድርጊ» ይሉሻል፤ ለልጅሽ ብድር ዋስ ሆነሽ ፈርሚ ማለት ነው። ቀድሞ የነበረው፣ ወላጅ በገቢው ልክ ዝቅ አድርጎ እንዲከፍል የሚያስችለው መንገድም ለአዲሶቹ የወላጅ ብድሮች ተዘግቷል። 65 ሺህ ዶላር በዛሬው ወለድ በአሥር ዓመት ይከፈል ቢባል በወር 820 ዶላር ገደማ ነው። የቤት ኪራይሽን አስቢ። ታናሽየው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው ይደርሳል።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። እኔም እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ቋንቋውን በቅጡ ሳላውቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ የተሰጠኝን ወረቀት ሁሉ ፈርሜያለሁ። ብድር መሆኑን ያወቅሁት ክፈል የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ ነው። በኋላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ከዜሮ ጀመርኩ። አሁን ኑሮዬ ሌሎች እንዲህ ያለውን ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት አብሬያቸው ማንበብ ነው።

ወደ ፋፍሳው እንሂድ። ምክንያቱም እዚያ አንድ መስተካከል ያለበት ነገር ሳይኖር አይቀርም። ፋፍሳ የሚለው አጠራር የመጀመሪያ ፊደል ራሱ «ነፃ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚወክል ነው። ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ በነፃ ይሞላል። 250 ዶላሩ ሄዷል፤ ይሁን። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰውየው አካውንቱን በማን ኢሜልና በማን ስልክ ከፈተው? በራሱ ከሆነ አሁኑኑ ገብተሽ ወደ ራስሽ ቀይሪው፤ የይለፍ ቃሉንም አዲስ አድርጊ። ያ አካውንት የአንቺ ፊርማ ነው። የልጅሽ ደግሞ የእሷ ፊርማ ነው። ሌላ ሰው እጅ መኖር የለበትም።

ከዚያ የጋብቻ ሁኔታ የሚለውን እዪ። በእኛ ሰው ላይ ይህ ስህተት በጣም ይበዛል። ባል አገር ቤት ስለሆነ፣ ታክሱም «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (የቤተሰብ ኃላፊ) ተብሎ ስለገባ፣ የሚሞላው ሰው «ሲንግል» ብሎ ያልፋል። ታክሱ ላይ እንዲያ መሆኑ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለታክስ የራሱ ደንብ አለው። ፋፍሳ ግን የሚጠይቀው አግብተሻል ወይ ብሎ ነው። አግብተሻል። ስለዚህ ባለቤትሽም መካተት አለበት። አዲስ አበባ ሆኖ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሳይኖረው የራሱን አካውንት መክፈት ይችላል። ገቢውን በዶላር መንዝሮ ያስገባል፤ ምንዛሪው የሚሞላበት ቀን ነው። አሜሪካ ታክስ ፋይል አድርጎ ባያውቅም መስማማቱን ማረጋገጥ አለበት። እሱ ካልተስማማ ልጅሽ ምንም ፌዴራል እርዳታ አታገኝም፤ ስለዚህ ይህን በስልክ ረጋ ብለሽ አስረጂው። በሰዓት ልዩነቱ የተነሳ መተላለፍ ስላለ ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁ በቪዲዮ ብትሞሉት ይሻላል።

«ባሌን ካስገባሁ እርዳታው ይቀንስብኛል» ብለሽ አትፍሪ። እንቁጠረው። ባለትዳር ሆናችሁ ቤተሰባችሁ አራት ነው። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ መንግሥት ያወጣው የድህነት መለኪያ 31,200 ዶላር ነበር። ሁለት ወላጅ ያለው ቤተሰብ ገቢው ከዚህ 175 በመቶ ካላለፈ ልጁ ሙሉውን ፔል ግራንት ያገኛል። ይህም 54,600 ዶላር ነው። ያንቺ 46 ሺህ ነው። የአንድ አስተማሪ የዓመት ደሞዝ በዛሬው ምንዛሪ ሲመነዘር ብዙ የሚጨምርበት ነገር የለም። ከመስመሩ በታች ናችሁ። እውነቱን ጽፋችሁም 7,395ቱ አይነካም። ነጠላ ወላጅ ቢሆኑ ኖሮ ስሌቱ 225 በመቶ ይሆን ነበር። ብዙዎች «ሲንግል» ማለት የሚጠቅም የሚመስላቸው ለዚህ ነው፤ ግን ኮሌጁ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ወረቀቱ አይገጥምም። እርዳታው ይቆማል፤ የተሰጠውም ሊጠየቅ ይችላል። ለማይጠቅም ነገር ምን አስጨነቀሽ?

ስለ ዕቁብ ሁሌ እጠየቃለሁ። «ዕቁቤ በዚያ ሳምንት ወጥቶ ባንክ ቢገኝስ?» ፋፍሳ በመርህ ደረጃ በሚሞላበት ቀን በእጅና በባንክ ያለውን ይጠይቃል። ነገር ግን ገቢያችሁ ከ60 ሺህ በታች ከሆነና ታክሱ ቀላል ከሆነ የንብረት ጥያቄው ጭራሽ አይመጣባችሁም። ሜዲኬድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) በቅርብ ዓመታት የተቀበለ ቤተሰብም እንደዚሁ። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዱ አባቶች ግን ልብ በሉ። የግል ሥራ ትርፋችሁ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ በገቢ በኩል ያለው ነፃነት አይሠራላችሁም፤ በሜዲኬድ በኩል ያለውን መጠቀም ግን ትችላላችሁ። የምትኖሩበት ቤት፣ በባንክ ዕዳ የተገዛም ቢሆን፣ አይቆጠርም።

አገር ቤት የምትልኪው ገንዘብስ? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ግን እንደምትልኪ ጥርጥር የለኝም። ፋፍሳ ይህን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የቤተሰብ ብዛት ውስጥ ዘመድ የሚቆጠረው አብሮሽ እየኖረ ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትሸፍኝለት ከሆነ ነው። ጎንደር ያለች እናት አትቆጠርም። ሆኖም እያንዳንዱ ኮሌጅ ያለው የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ፋፍሳው የማያሳየውን ችግር ተመልክቶ ማስተካከል ይችላል። የሕክምና ወጪ፣ ሥራ ማጣት፣ የሰዓት መቀነስ፣ የምትጦሪው ዘመድ፤ ሁሉንም በደብዳቤ አስረጅተሽ ከነማስረጃው ማቅረብ ትችያለሽ። ግዴታ የለባቸውም፤ የሚሰሙ ግን ብዙ ናቸው። የእኛ ሰው ችግሩን ለሰው መናገር ያፍራል። እዚያ ቢሮ ያሉት ሰዎች ሥራቸው መስማት ነው። አትፈሪ።

አሁን ወደ ጆርጅ ሜሰን። ከአሌክሳንድሪያ ፌርፋክስ ድረስ አውቶቡስም መኪናም ያደርሳል። ለቨርጂኒያ ነዋሪ የዓመቱ ትምህርትና ክፍያ 15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ልጅሽ ቤት ሆና ብትማር የመኝታውና የምግቡ ወጪ የለም። 7,395ቱ ፔል ግራንት እዚህም ይከተላታል፤ ፔል የተማሪዋ እንጂ የኮሌጁ አይደለም። ከዚያ ላይ የቨርጂኒያ መንግሥት ግራንት አለ። የዩኒቨርሲቲው የራሱም አለ። የቀረውን የተማሪ ብድሯ ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚያ ብድር አንድ ነገር ልንገርሽ። አንደኛ ዓመት ላይ መውሰድ ከምትችለው 5,500 ውስጥ እስከ 3,500 የሚሆነው «ሰብሲዳይዝድ» ነው። ይህ ማለት እየተማረች ሳለ ወለዱን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ይህችን ብትወስድ አልቃወምም። ነርስ ሆና ትከፍለዋለች። እናት አርባ ስምንት ዓመቷ ላይ ከምትፈርመው ጋር አንድ አይደለም።

የሜሰንን የእርዳታ ደብዳቤ ከፍታችሁታል? ጥያቄሽ ላይ አንድም ቁጥር አልጻፍሽም። ቅርብ ያለውን ማን ያየዋል! በተማሪዋ ፖርታል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ካልመጣ ደግሞ የሜሰን ስም ፋፍሳው ላይ መጨመሩን አረጋግጡ። ሰውየው የሞላው ለግል ኮሌጁ ብቻ ከሆነ ሜሰን ልጅሽ እርዳታ እንደምትፈልግ አያውቅም። በአንድ ፋፍሳ እስከ 20 ኮሌጅ መላክ ይቻላል።

ኖቫ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ስም ሲነሳ ፊታችን ይቀየራል። «ልጅህ የት ገባ?» ሲባል «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ማለት የሚከብዳቸው አባቶች አውቃለሁ። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሲሄዱ የምታክማቸው ሐበሻ ነርስ እዚያ የተማረች ልትሆን ትችላለች። እኔ ቢሮዬ ድረስ እየመጡ ምርቃታቸውን የነገሩኝ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ የጀመሩት እዚያ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ኖቫ ሙሉ ጊዜ መማር ለቨርጂኒያ ነዋሪ በዓመት ከ6 ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም። ፔል ግራንቱ ብቻውን ይሸፍነዋል፤ የሚተርፈው ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ለልጅሽ ይሰጣታል። ከዚህ ሌላ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ጂ-ስሪ የሚባል ፕሮግራም አላት። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ተፈላጊ ሙያዎችን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለ ክፍያ እንዲማሩ ፔሉ ያልሸፈነውን ይሞላል። ጤና፣ አይቲ፣ የእጅ ሙያዎችና የሕፃናት አስተማሪነት ውስጡ አሉ። ይህ አንቺንም ይመለከታል እህቴ። ነርሲንግ አሲስታንት ሆነሽ እስከ መቼ? ይህን ልጅሽን ካስገባን በኋላ እናወራበታለን።

ነርሲንግን በተመለከተ ግን ሳልሸፍን ልንገርሽ። ኖቫ መግባትና የኖቫ ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መጀመሪያ አናቶሚውን፣ እንግሊዝኛውን፣ ሌሎቹንም ኮርሶች ጥሩ ውጤት ይዛ ትጨርሳለች። ከዚያ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓስ ለሚሰጠው ፕሮግራም ትወዳደራለች። ፉክክር አለበት። ከተመረቀች የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ ወስዳ ሬጅስተርድ ነርስ መሆን ትችላለች። ከዚያ ባችለሯን እየሠራች ትጨርሳለች፤ ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ የሚያግዙ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው።

ነርሲንጉን ትታ ሐሳቧን ብትቀይርስ? አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልትቀይር ትችላለች። ለዚያም ከ2018 ጀምሮ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን «አድቫንስ» የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው። ኖቫ ሁለት ዓመት ተምራ ያለ አዲስ ማመልከቻ ወደ ሜሰን ትሻገራለች። አማካሪ ይመደብላታል፤ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርላት ገና ከመጀመሪያው ታውቃለች። ይህ ነጥብ ትልቅ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተው ገንዘብና ጊዜ የሚያባክኑት አብዛኞቹ ጓደኛ የነገራቸውን ኮርስ የወሰዱ ናቸው። ክሬዲቱ ሳይሻገር ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያና ቨርጂኒያ ቴክም የሚፈልጉትን ውጤት ይዞ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመጣን ተማሪ እንደሚቀበሉ የተፈራረሙት ስምምነት አለ። የመጨረሻው ዲፕሎማ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

የግል ኮሌጁን ግን ዝም ብለሽ አትተዪው። ልጅሽ ትጻፍላቸው። አንቺ ሳትሆኚ እሷ። «ኮሌጃችሁን እወደዋለሁ፤ የእናቴ ገቢ ይህ ነው፤ አባቴ ኢትዮጵያ ነው፤ የወላጅ ብድር መውሰድ አንችልም፤ ግራንቱን መጨመር ይቻላል ወይ?» ብላ። ሌላ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቷት ከሆነ የዚያን ደብዳቤ ታያይዝ። አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሺህ ይጨምራሉ፤ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። 30 ሺህው ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚቀጥለው ውጤቷ ስንት ሲሆን እንደሆነም ትጠይቅ። ግን ሃያ አምስት ሺህ የሚሞላ ጭማሪ ካልመጣ መልሴ አይቀየርም።

ከልጅሽ ጋር የሚደረገው ንግግር ከዚህ ሁሉ የሚከብድሽ ይመስለኛል። እኛ ወላጆች የገንዘብ ነገር ለልጅ አናወራም። «ልጅ ምን አገባው፤ እሱ ይማር እንጂ» እንላለን። ልጁ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን ስለማያውቅ ከጓደኞቹ ጋር ራሱን ያወዳድራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አሁን ልጅ አይደለችም። አስቀምጫት። የወር ገቢሽን፣ ኪራዩን፣ አገር ቤት የሚላከውን ወረቀት ላይ ጻፊላት። ከዚያ ስለ 820 ዶላሩ ንገሪያት። ታለቅስ ይሆናል። መራቅ መፈለጓ ጥፋት አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ እኛም ከቤት መውጣት አምሮን ነበር። ሜሰን ገብታ ሁለተኛ ዓመት ላይ ካምፓስ ውስጥ መኖር የምትችልበትን መንገድ አብራችሁ ፈልጉ። ዋናው ነገር ውሳኔው የጋራ ይሁን። እናቷ እንደከለከለቻት እንዳይመስላት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ። በስልክ እየደወሉ «በዘጠኝ ወር ሜዲካል አሲስታንት እናደርግሻለን፤ ፋይናንሻል ኤይዱን እኛ እንጨርሳለን» የሚሉ ለትርፍ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። በመላው አሜሪካ ቅርንጫፍ የነበረው ኮሪንቲያን ኮሌጅስ በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በ2016 ተዘግተው እጅግ ብዙ ተማሪ ዕዳና የማይሻገር ክሬዲት ይዞ ቀርቷል። ማንም ትምህርት ቤት ላይ ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለውን የመንግሥት ገጽ እዩ። ከገቡት ስንቱ እንደሚመረቅ፣ ምን ያህል ዕዳ ይዘው እንደሚወጡ፣ ደሞዛቸው ስንት እንደሆነ ያሳያል። በነፃ ነው።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ቃል። ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባ ወይም አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደለት ሰው ፋፍሳ መሙላት ይችላል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ከለላ) ብቻ ያለው ወይም የአሳይለም ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው ፌዴራል እርዳታ አያገኝም። እንዲህ ያላችሁ ምንም ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ታናሽየው ዕድለኛ ነው፤ ጊዜ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ። እሱ ላይ መንገዱ ሰፊ ነው። አብዛኛው ሰው የማያምነው ነገር ልንገርሽ። ዋጋቸው እጅግ ውድ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለእንዳንቺ ዓይነት ቤተሰብ ከሁሉም ርካሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ በዓመት 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ትምህርቱንም፣ ምግቡንም፣ መኝታውንም በነፃ ያገኛል ብሏል። ኤምአይቲም እንደዚሁ። እዚሁ ስቴታችን ውስጥ ዊልያም ኤንድ ሜሪ ፔል ግራንት ለሚያገኙ የቨርጂኒያ ልጆች ቢያንስ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። መግባቱ ከባድ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ማመልከቻ የማያስገባ አይገባም። ብዙ ጎበዝ ልጆቻችን ዋጋውን አይተው ሳይሞክሩ ይቀራሉ።

ኩዌስትብሪጅ የሚባለውን ስም ጻፊና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰብ ጎበዝ ልጆች ነው፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ገቢው ብዙውን ጊዜ ከ65 ሺህ በታች የሆነ። የተመረጠ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ወጪው ተሸፍኖ ይገባል። ማመልከቻው የሚዘጋው 12ኛ ክፍል በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። ለሴት ልጅሽ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም አልነገራችሁም። 11ኛ ክፍል ላይ ሳለም የሚገባበት የዝግጅት ፕሮግራም አላቸው። ኬንታኪ ውስጥ ደግሞ ቤሪያ የሚባል ኮሌጅ አለ። የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። የሚቀበለው አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች ልጆች ነው። ልጅሽ ሥራ የማይፈራ ከሆነ ለእሱ ይሆናል።

ከአሁኑ ግን በትምህርት ቤቱ በኩል የኖቫ ክሬዲት የሚያስገኙ ኮርሶች እንዲወስድ ካውንስለሩን ያናግር። ሃይስኩል ሳለ የያዘው ክሬዲት በኋላ የማይከፈልበት ክሬዲት ነው። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሲፈተንና ሲያመለክትም የክፍያ ነፃነት ይጠይቅ፤ በገቢያችሁ ይሰጠዋል። የምሳ ነፃነት የሚያገኝ ልጅ ይህንንም ያገኛል።

የአሌክሳንድሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ልጅሽ የምትመረቀው፣ ስኮላርሺፕ ፈንድ ኦፍ አሌክሳንድሪያ የሚባለውንም ጠይቂ። ለከተማው ተመራቂዎች በችግራቸው መጠን ይሰጣል። ትናንሽ የሰፈር ስኮላርሺፖች ከሩቁ ትልቅ ስም ይልቅ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ የሚያመለክተው ጥቂት ነው።

የኮሌጆቹ መወሰኛ ቀን በአብዛኛው ሜይ 1 ነው። ጊዜ አለሽ፤ ብዙ ግን አይደለም። ቅዳሜ ከባለቤትሽ ጋር ፋፍሳውን አስተካክሉ። ሰኞ ልጅሽ ለግል ኮሌጁ ትጻፍ፤ ዲፖዚት እንዳትከፍሉ። የሜሰን ደብዳቤ ሲከፈት፣ ብድሮቹን ሰርዘሽ፣ የቀረውን ቁጥር ጻፊልኝና አብረን እናያለን።